አሮጌውን ካሜራ ላቆየው ወይስ ልቀይረው?

የካሜራዬ እጀታ ጎማ ተልጦ ሦስት ጊዜ በማስቲሽ አጣብቄዋለሁ። ቀዩ የመቅረጫ ቁልፍ ከጣት ብዛት ቀለሙ ለቋል። ስክሪኑን ስገለብጠው ለአፍታ ይጠፋና ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይበራል። አንድ ቀን አብሮኝ የሚቀርጽ ልጅ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ አዲስ ካሜራውን ከቦርሳ ሲያወጣ ዞር ብዬ የኔን አየሁት። አያቴን ይዤ ሥራ የመጣሁ ነው የመሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ቀየርኩ። ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ያለው፣ ሌንሱ የሚፈታ፣ ፎርኬ (ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ያለው ምስል) የሚቀርጽ ካሜራ ገዛሁ። ስምንት ወር ሠራሁበትና ሸጥኩት። አሮጌውን ከመደርደሪያ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩ። አዲሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ምስሉ ያምር ነበር። ጥያቄው ሳይገባኝ መልሱን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስወስን ግን ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ። ከዚህ በታች ያለው ያኔ ያነጻጸርኩት ነው።

መጀመሪያ ያለፉትን አሥር ሥራዎች ቁጠሩ

ሰው ሁሉ "ይሄ ካሜራ ስንት ዓመቱ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ዕድሜ ብዙ አይነግራችሁም። ፀሐይና አቧራ ላይ ሲውል የኖረ የ4 ዓመት ካሜራና ስቱዲዮ ውስጥ ትራይፖድ ላይ የቆየ የ10 ዓመት ካሜራ አንድ አይደሉም። የሚጠቅመው ጥያቄ "የትኛውን ሥራ አስመለጠኝ?" የሚለው ነው።

ወረቀት አውጡ። በቅርብ የሠራችኋቸውን አሥር ሥራዎች ጻፉ። በያንዳንዱ አጠገብ ከሦስቱ አንዱን አስቀምጡ፦ "አልቻልኩም"፣ "ላቤ ጠብ ብሎ ቻልኩ"፣ "ምንም አልነበረም"። እኔ ስሞላው ሰባቱ "ምንም አልነበረም" ሆኑ። ሁለቱ ላቤን ያፈሰሱ ናቸው፤ ሁለቱም ጨለማ አዳራሽ ነበሩ። ጭራሽ ያልቻልኩት አንዱን ብቻ ነው። ደንበኛው ለስልክ የሚሆን የቁም ቪዲዮ ፈልጎ ነበር፤ ለምን እንዳቃተኝ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ካሜራ የሚያስቀይረው "አልቻልኩም" የሚለው ነው። ላብ ያፈሰሰው ሥራ ብዙ ጊዜ በመብራት፣ በማይክ ወይም በአንድ ረዳት ይፈታል። ሁለት የኤልኢዲ መብራት ከአዲስ ካሜራ ይረክሳል፣ ምስሉም የበለጠ ያምራል። የድምፅ ችግር ይዞ ካሜራ የሚቀይር ሰውም ብዙ አጋጥሞኛል። ድምፁ በአዲሱም ያው ነው፣ ማይኩ አልተቀየረማ።

አሮጌው ምን ይችላል?

አብዛኞቻችን ማነጻጸር የምንጀምረው አዲሱ ካለው ነገር ነው። እኔ የምለው በተቃራኒው ጀምሩ ነው። አሮጌው የሚሰጣችሁን ነገር እጃችሁ ለምዶታል፣ አይታያችሁም። የሚታያችሁ ሲሄድ ነው።

ሶኒ በ2007 ያወጣውን ፒኤምደብሊው-ኢኤክስ1 እንውሰድ። የዚያ ዘመን የእጅ ካሜራ ምን እንደሚመስል በደንብ ያሳያል። እያንዳንዳቸው ግማሽ ኢንች የሆኑ ሦስት ሴንሰሮች አሉት፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። ሌንሱ 14 እጥፍ ይስባል። በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የድሮውን የ35 ሚሊሜትር ፎቶ ፊልም የሚያህል) ሂሳብ ከ31.4 ሚሊሜትር እስከ 439 ሚሊሜትር ማለት ነው። የፀሐይ ብርሃን የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር እዚያው ውስጡ አለ። ሁለት የኤክስኤልአር (የባለሙያ ማይክ) መግቢያና ምስሉን በገመድ የሚያወጣ የኤስዲአይ መውጫ አለው። ምንም ነገር ሳይገጠምበት፣ ከቦርሳ ወጥቶ ወዲያው ይቀርጻል።

439 የሚለውን ቁጥር ጠጋ ብለን እንየው። የሌንሱ ትክክለኛ የትኩረት ርዝመት እኮ 81.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ታዲያ 439 ከየት መጣ? ግማሽ ኢንች ሴንሰር ከጥግ እስከ ጥግ 8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፉል ፍሬም 43 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከአምስት እጥፍ በላይ ይበላለጣሉ። ስለዚህ ትንሹ ሴንሰር በትንሽ ሌንስ ሩቁን ሰው ያቀርበዋል። ትልቁ ሴንሰር ያንኑ ሰው ለማቅረብ ክንድ የሚያህል ሌንስ ይፈልጋል። ሶኒ ለፉል ፍሬም ካሜራዎቹ ከሠራቸው ባለ ሞተር ዙም ሌንሶች አንዱ ከ28 እስከ 135 ሚሊሜትር ነው። አምስት እጥፍ እንኳ አይሞላም።

እኔ የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ካሜራዬን ይዤ ለስብሰባ ቀረጻ አንድ ትልቅ አዳራሽ ገባሁ። ለካሜራ የተሰጠን ቦታ ከመጨረሻው ወንበር ኋላ ነው። የነበረኝ ሌንስ መጨረሻው 70 ሚሊሜትር። እስከ ጥግ ስቤው ተናጋሪው ስክሪኔ ላይ የክብሪት እንጨት አክሎ ቆሟል። ወደፊት እንዳልጠጋ ሰው እጋርዳለሁ። ዙሙን የምገፋበት ጣቴ ከልማድ የተነሳ የሌለ ቁልፍ ይፈልግ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ያኔ ገባኝ።

ፎከሱም ሌላ ጉዳይ ነው። በትልቅ ሴንሰር ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት ቀጭን ነው። ለቃለ መጠይቅ ይህ ፀጋ ነው፤ ጀርባው ይደበዝዛል፣ ሰውየው ጎልቶ ይወጣል። መድረክ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ለብቻችሁ ስትቀርጹ ግን ያው ፀጋ ጣጣ ይሆናል። አንድ እርምጃ ወደፊት ሲመጣ ዓይኑ ይደበዝዝና ጆሮው ጥርት ይላል።

አሮጌው የማይችለው

አሁን ደግሞ ለአዲሱ እንፍረድለት።

ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነጥብ ነው፤ በድምሩ 2 ሚሊዮን ገደማ። ፎርኬ የምንለው 3840 በ2160 ነው፤ 8.3 ሚሊዮን ገደማ። አራት እጥፍ። እኔ ለዓመታት "ማን ያየዋል?" እያልኩ ተከራክሬያለሁ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ በተለመደው ርቀት ቲቪ የሚያይ ሰው ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም፣ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ስልክ ነው።

ደንበኛው "ከዚሁ ቀረጻ ለስልክ የሚሆን የቁም ቪዲዮ አውጣልኝ" ይላል። ከፉል ኤችዲ ፍሬም ላይ የቁም ቁራጭ ስትወስዱ የሚቀራችሁ ወርድ 607 ነጥብ ነው። የቁም ቪዲዮ ወርዱ 1080 ይፈልጋል። ስለዚህ ትለጥጡታላችሁ። የሰውየው ፊት በጭጋጋማ መስታወት በኩል የሚታይ ይመስላል። ከፎርኬ ፍሬም ያው ቁራጭ 1215 በ2160 ይሆናል። ከሚፈለገውም ይተርፋል። ያቃተኝ ሥራ ይህ ነበር። ካሜራውን በጎኑ አቁሜ እንዳልቀርጽ ሰውየው የአግድሙንም የቁሙንም ይፈልጋል።

ቀጥሎ ቢት አለ። 8 ቢት የሚቀርጽ ካሜራ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው። 10 ቢት የሚቀርጽ 1024 ደረጃ አለው። ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ አመሻሽ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ ቅረጹና ኤዲት ስታደርጉ ሰማዩን ትንሽ አጨልሙት። በ8 ቢቱ ሰማዩ ላይ እንደ ደረጃ የተደረደሩ መስመሮች ይወጣሉ። ቀረጻውን ቀለሙን ሳትነኩ የምታስረክቡ ከሆነ ግን 8 ቢት ምንም አይጎድለውም። ሎግ የሚባለውን ደብዛዛ ምስል ቀርጾ ቀለሙን በኋላ የሚሠራ ሰው ነው 10 ቢት የግድ የሚሆንበት።

በጨለማ በኩል ክርክር የለም፣ አዲሶቹ ይበልጣሉ። የሶኒ ኤፍኤክስ6፣ በ2020 መጨረሻ የወጣው፣ ሎግ ሲቀርጽ ሁለት መነሻ አይኤስኦ (የብርሃን ትብነት ልክ) አለው፦ 800 እና 12,800። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘለል የብርሃን ትብነቱ 16 እጥፍ ይጨምራል። የድሮ ካሜራ ጌይኑን (ጨለማውን ምስል በኤሌክትሮኒክስ የሚያደምቀውን) ከፍ ስታደርጉ ጉንዳን የፈሰሰበት የሚመስለው ምስል እዚህ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በጨለማ ውስጥ መብራት መትከል በማይፈቀድበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቲያትር፣ ይሄ ብቻውን ካሜራ ያስቀይራል።

ፊት እየተከተለ የሚያጠራ አውቶፎከስም ለብቻው ለሚሠራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ቅድም ያልኩትን የዓይንና የጆሮ ጣጣ በከፊል ይፈታዋል። በከፊል ያልኩት ሰውየው ዞር ሲል ወይም ሌላ ሰው መሃል ሲገባ ካሜራው ማንን እንደሚመርጥ ስለማታውቁ ነው።

ከዚህ ሌላ የተቀባዩ መስፈርት አለ። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት ለኤችዲ ፕሮግራሞች ባወጣው ምክረ ሐሳብ በኢኤክስ1 ዘመን በነበረው፣ ኤምፔግ-2 በሚባለው የፋይል ማሳነሻ ለሚቀርጹ ካሜራዎች መነሻው 50 ሜጋቢት በሰከንድ በ4:2:2 ነው። ኢኤክስ1 በካርዱ ላይ የሚቀርጸው 35 ሜጋቢት በ4:2:0 ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች ምን ያህል የቀለም ዝርዝር እንደሚቀመጥ ይነግራሉ፣ 4:2:0 ከ4:2:2 ያንሳል። ኔትፍሊክስ ደግሞ ለራሱ ፕሮዳክሽኖች የሚቀበላቸውን ካሜራዎች ዝርዝር ያወጣል፤ ኤችዲ ብቻ የሚቀርጽ ካሜራ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ይህን ሰምታችሁ አትደንግጡ። እኔን እስካሁን ከኔትፍሊክስ ያራቀኝ ካሜራዬ አይመስለኝም።

ማቆየት ዝም ብሎ መተው አይደለም

ላቆየው ካላችሁ መጀመሪያ መርምሩት። ግማሽ ቀን ይበቃል።

የሌንሱን ክዳን ዝጉና ጌይኑን ከፍ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ጥቁሩ ላይ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ነጭ ወይም ባለቀለም ነጥቦች ካያችሁ የተበላሹ ፒክስሎች (የሴንሰሩ ነጥቦች) ናቸው። ጥቂቶቹን አንዳንድ ካሜራ በሜኑ ውስጥ ባለ ማስተካከያ ይሸፍናቸዋል። በዝተው በየወሩ የሚጨምሩ ከሆነ ሴንሰሩ እየደከመ ነው።

ከዚያ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ላይ ዙሙን እስከ ጥግ ሳቡና ፎከስ አድርጉ። ፎከሱን ሳትነኩ ዙሙን ወደ ሰፊው መልሱት። ጽሑፉ ከደበዘዘ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል ያለው ልክ ተዛብቷል። ብዙ ሰው ይህን "ካሜራው አርጅቶ ነው" ይለዋል። በብዙ ካሜራዎች ግን ማስተካከያ አለው፤ ከሜኑም ባይሆን ባለሙያ ዘንድ።

ሄድፎን አድርጋችሁ የማይክ ገመዱን ከመግቢያው ላይ በጣት ወዝወዝ አድርጉት። ኮሽ ኮሽ ካለ መግቢያው ለቋል። ስክሪኑን አስር ጊዜ ክፈቱት፣ ዝጉት። በመጨረሻ አንድ ካርድ እስኪሞላ ሳታቋርጡ ቅረጹና ፋይሉን እስከ መጨረሻው ተመልከቱት። የማየው ጊዜ የለኝም አትበሉ። ሥራ ላይ ከሚቋረጥባችሁ ቤት ቢቋረጥ ይሻላል።

ባትሪ ጉዳዩ ቀላል ነው። ሊቲየም ባትሪ ሳይጠቀሙበትም ያረጃል። ድሮ ሦስት ሰዓት ይዞ አሁን አንድ ሰዓት የማይሞላ ከሆነ ካሜራው አልደከመም፣ ባትሪው ነው። አዲስ ባትሪ ገዝታችሁ ካሜራው የተወለደ ያህል ሲሆን ታያላችሁ። ካርድም እንደዚሁ ነው። ኢኤክስ1ን የመሰሉ ካሜራዎች ኤስባይኤስ የሚባለውን ካርድ ይፈልጋሉ፤ ግን ተራ ኤስዲ ካርድ የሚያስገባ አዳፕተር አለላቸው። በዝግታ የሚታይ ቀረጻ አይሠራበትም እንጂ ለመደበኛ ሥራ ያገለግላል።

የውጭ ሪከርደር (ከካሜራው ጋር በገመድ የሚሰካ መቅረጫ) ላይ ግን ቆም በሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ኢኤክስ1 በካርዱ ላይ 8 ቢት ቢቀርጽም በኤስዲአይ ገመድ የሚያወጣው 10 ቢት 4:2:2 ነው። እዚያ ላይ ሪከርደር ስትሰኩ የተሻለ ፋይል ታገኛላችሁ፣ ያ የ50 ሜጋቢት መስፈርትም ይሟላል። የሚቀበላችሁ ጣቢያ ይህን ብቻ ከጠየቀ በጣም ብልህ መፍትሔ ነው። ግን ሴንሰሩ ያው ሴንሰር ነው። በጨለማ የሚፈሰው ጉንዳን አሁን በከፍተኛ ጥራት ይቀረጻል ማለት ነው። ኤችዲውን ወደ ፎርኬ እየለጠጠ የሚቀርጽ መሣሪያ ሲያሳዩዋችሁማ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ እለፉት። ሪከርደሩ የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ዲስክና የራሱ ገመድ እንዳለውም አትርሱ። በእጅ የሚያዝ የነበረው ካሜራ ሸክም ይሆናል።

ለጥገና ደግሞ የኔ ልክ ይህ ነው፦ ያው አሮጌ ካሜራ በሁለተኛ እጅ ከሚሸጥበት ዋጋ ሲሶውን ካለፈ አላስጠግንም። መለዋወጫ ከሌላ የሞተ ካሜራ ላይ እየተነቀለ የሚገባለት ደረጃ ላይ ከደረሰም አቆማለሁ።

ልቀይር ካላችሁ ወደ ምን?

"ልቀይር" ማለት አንድ ምርጫ ይመስላል። ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ሌንሱ የማይነቀል አዲስ የእጅ ካሜራ ነው። ለስብሰባ፣ ለዜና፣ ለሠርግ፣ ለስፖርት፣ ባጭሩ ሁለተኛ ዕድል ለማይሰጥ ነገር ሁሉ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። የሶኒ ዜድ280 በ2018 የወጣ ሲሆን እንደ ኢኤክስ1 ሦስት የግማሽ ኢንች ሴንሰሮች አሉት፣ ግን ፎርኬ ነው፣ ሌንሱም 17 እጥፍ ይስባል። የካነን ኤክስኤፍ605፣ የ2021ዱ፣ አንድ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር አለው፤ ከ25.5 እስከ 382.5 ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል፣ ፎርኬም በ10 ቢት 4:2:2 ይቀርጻል። ሶኒ በ2024 ያወጣው ዜድ200 ደግሞ 20 እጥፍ፣ ከ24 እስከ 480 ሚሊሜትር ነው። እጃችሁ የለመደው ሁሉ እዚህ አለ፦ የዙም ቁልፉ፣ ኤንዲው፣ ኤክስኤልአሩ። የምታጡት ሌላ ነገር ነው። የኢኤክስ1 ሌንስ እስከ ኤፍ1.9 ይከፈታል፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የበለጠ ብርሃን ይገባል። የኤክስኤፍ605 በሰፊው በኩል ኤፍ2.8 ነው፣ ዙሙን ሲስቡት ወደ ኤፍ4.5 ይጠባል። ሴንሰሩ ስለሚበልጥ ይካካሳል፣ ግን "አዲስ ነውና በጨለማ ሁለት እጥፍ ይሻላል" ብላችሁ አትጠብቁ።

ሁለተኛው ትልቅ ሴንሰር ያለው የሲኒማ ካሜራ ነው፤ እንደ ኤፍኤክስ6፣ እንደ ካነን ሲ70 ያለ። ማስታወቂያ፣ ዘጋቢ ፊልም፣ የሙዚቃ ቪዲዮ፣ ቃለ መጠይቅ፤ ማለትም ሰውን "አንድ ጊዜ ድገምልኝ" ማለት የሚቻልበት ሥራ። ምስሉ ልብ ይሰርቃል። እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። ሥራዬ ስብሰባ ነበር፣ የገዛሁት የማስታወቂያ ካሜራ ነበር።

ሦስተኛው ቪዲዮ አሳምሮ የሚቀርጽ የፎቶ ካሜራ አካል ያለው ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከሌሎቹም ይረክሳል። የሶኒ ኤፍኤክስ3 በዚህ ቅርጽ የተሠራ የሲኒማ ካሜራ ነው፣ ምስሉም የሚታማ አይደለም። ግን ኤንዲ ፊልተር ውስጡ የለም። ፀሐይ ስትወጣ መስታወት ከሌንሱ ፊት ታስራላችሁ፣ ደመና ሲሸፍናት ትፈታላችሁ። የኤክስኤልአር መግቢያው ያለው በላይኛው እጀታ ላይ ነው፤ እጀታው ቤት ከቀረ መግቢያውም ቤት ቀረ። ከፎቶ ካሜራዎች የምትመርጡ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሳያቋርጥ ስንት ደቂቃ ይቀርጻል? ሲሞቅስ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ የቆዩ ሞዴሎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቀረጻውን ያቆማሉ። የአውሮፓ ቀረጥ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጸውን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቆጥር ስለነበር የመጣ ልማድ ነው። ንግግሩ 31ኛው ደቂቃ ላይ ሲያምር ለዚህ ማብራሪያ ደንበኛው ጆሮ የለውም።

የካሜራው ዋጋ መጀመሪያው ነው

አዲሱን ስገዛ ያሰላሁት የካሜራውን ዋጋ ነበር። ነገሩ ሲያልቅ ካሜራው ከጠቅላላ ወጪዬ ግማሹን አልሞላም። ሌላው የት ሄደ? ሌንስ። አዲስ ዓይነት ካርድ፣ ያውም ሁለት ሁለት። ባትሪዎች፣ የድሮዎቹ ስለማይገጥሙ። ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅኩት ኮምፒውተር።

ፋይሉን እናስላ። በ35 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ቀረጻ 16 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በ100 ሜጋቢት 45 ጊጋባይት ነው። በ250 ሜጋቢት 112 ጊጋባይት ገደማ፣ በ600 ሜጋቢት 270 ጊጋባይት። ቀኑን ሙሉ የስድስት ሰዓት ስብሰባ ብትቀርጹ በድሮው ካሜራ 95 ጊጋባይት ገደማ ነበር። በ250 ሜጋቢት 675 ጊጋባይት ይሆናል። በሁለት ዲስክ ነው የምታስቀምጡት፣ ስለዚህ በሁለት አባዙት። ከዚያ በዓመት በምትሠሩት ሥራ አባዙት። እኔ ይህን ሂሳብ የሠራሁት ዲስኩ ሞልቶ ኮምፒውተሩ መጮህ ከጀመረ በኋላ ነው።

ፋይሉ ቢያንስም ሰላም የለም። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ጥራቱን ሳይጥሉ ፋይሉን የሚያሳንሱት ኤች.265 በሚባለው ማሳነሻ ነው። በ10 ቢት 4:2:2 ሲሆን ብዙ ኮምፒውተሮች ማጫወት ያቅታቸዋል። ኢንቴል ይህን በዴስክቶፕ ቺፖቹ ውስጥ መፍታት የጀመረው ከ11ኛው ትውልድ ነው። ኤንቪዲያ ደግሞ በ2025 ከወጡት የአርቲኤክስ 50 ካርዶች ጀምሮ። ከዚያ በፊት ባለ ኮምፒውተር ላይ ፕሌይ ትላላችሁ፣ ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ቆሞ ይጠብቃል። መፍትሔው ፕሮክሲ የሚባሉ ቀላል ቅጂዎች ሠርቶ በነሱ ኤዲት ማድረግ ነው። ይሠራል፣ ግን ማምሻውን የሚያልቀው ሥራ ለነገ ያድራል። ስለዚህ ካሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት ከዚያ ሞዴል የወጣ ናሙና ፋይል ፈልጋችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር አጫውቱ። ይህ ምንም አያስከፍልም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

የምትበሩ ከሆነ ደግሞ ትልልቆቹን ባትሪዎች ስትገዙ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች የሆኑትን ምረጡ። ከዚያ የሚበልጠውን አየር መንገዶች ያለ ፈቃድ አያሳፍሩም።

ስለ ኪራይ

ኪራይ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ሂሳብ ነው። "ትልቁ ካሜራ የግድ ያስፈልገኝ ነበር" የምትሉት ቀን በዓመት ስንት ነው? አምስት ወይም ስድስት ቀን ከሆነ ተከራዩና ኪራዩን ደንበኛው ላይ አስቡት። አርባና ሃምሳ ቀን ከሆነ መግዛት ነው። በመሃል ያለው እንደየሰዉ ነው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይፈርድበታል።

ሁለተኛው ጥቅም ካሜራው ዓመሉን እንዲያሳያችሁ ነው። ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ የያዛችሁት ካሜራ ሁሉ ሸጋ ነው። ስምንት ሰዓት ስትይዙት ነው ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ሜኑው ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ የማራገቢያው ድምፅ ማይክ ውስጥ ይግባ አይግባ የምታውቁት። ስትከራዩ የግድ እውነተኛ ሥራ ላይ አድርጉት፤ አሮጌውም ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

የኔ ነገር

ሁለተኛው ዙር ላይ ወረቀቴ "አልቻልኩም" ያለበት አንድ ሥራ ነበር። በተከታዮቹ ሦስት ወሮች ያው የቁም ቪዲዮ ጥያቄ አራት ጊዜ መጣ። ጨለማውን በመብራት ፈታሁት። ለአሮጌው አዲስ ባትሪና አንድ የማይክ መግቢያ ጥገና ሰጠሁት። ለቁም ቪዲዮው ሁለት ጊዜ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር የእጅ ካሜራ ተከራየሁ። በሁለተኛው ኪራይ ያ የቀድሞው አዳራሽ ገባሁ፣ ያው ከመጨረሻው ወንበር ኋላ ያለ ቦታ ተሰጠኝ። ጣቴን ዙሙ ላይ አሳረፍኩት። ተናጋሪው ከወገቡ በላይ ፍሬሜን ሞላው፤ ከጎኑም ለቁም ቪዲዮ የምቆርጥበት በቂ ነጥብ ተረፈኝ።

ያገለገለ ገዛሁ፣ የኮምፒውተሩን ነገር በናሙና ፋይል አረጋግጬ። አሮጌውን አልሸጥኩትም። የሚሰጡኝ ዋጋ አንድ ጥሩ ትራይፖድ እንኳ አይገዛም ነበር። አሁን አዳራሹን ሙሉ የሚያሳየው ሰፊ ሾት የሱ ሥራ ነው። ትራይፖድ ላይ ይቆማል፣ ማንም አይነካውም፣ ስክሪኑም ስለማይገለበጥ አይጠፋም። ጎማውን ባለፈው ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ አጣብቄለታለሁ።